ቀን ጭላት፣ ሌሊት ሸለምጥማጥ

በንፋስ መውጫ ዙሪያ ዶሮ የምታረባ እናት ስለ ጫጩቶቿ ስትጠየቅ ሁለት ቁጥር ትናገራለች፤ የተፈለፈለውንና የቀረውን። በመካከል የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ይዘጋል፦ «ጭላት ወሰደው»። ጭላት በእርግጥ ይወስዳል። ነገር ግን ድመት የበላችው፣ አይጥ ወደ ጉድጓዷ የጎተተችው፣ ፈንግል የጣለውና ሸለምጥማጥ ሌሊት የፈጀውም በጭላት ሂሳብ ይመዘገባል። ሌባው ካልታወቀ ደግሞ መከላከያው ያለ ቦታው ይውላል። ሌሊት የሚዘረፍ ሰው ግቢው ላይ ማስፈራሪያ ጨርቅ ሲሰቅል፣ ቀን የሚዘረፈው የዶሮ ቤቱን በር ደርቦ ሲቸነክር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ኪሳራው ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጥናት በአገሪቱ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ ሲቆጠር፣ ከአምስቱ አራቱ የሚጠጋው የአበሻ ዶሮ ነበር። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ከዚያው ላይ ለማሳቀፍ የተቀመጠው አይሸጥም፣ አይበላም። ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋ፣ ከዚያም ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ጫጩት ስታሳድግ እንቁላል አትጥልም። ጫጩቶቹ ካለቁ ያ ሁሉ ጊዜ ባከነ ማለት ነው። በአካባቢው ባሉት በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ወረዳዎች መሬቱ ጠባብ ነው፤ በሴፍቲኔት የሚደገፈው ቤተሰብም ብዙ ነው። የጨው፣ የደብተርና የወፍጮ ገንዘብ ከዶሮና ከእንቁላል ይወጣል፤ ገንዘቡም በእማወራዋ እጅ ያለ ገንዘብ ነው።

ሌባውን መለየት

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሰዓቱ ነው። ጭላት ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩ ሽቅብ መነሣት ሲጀምር፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ወዲህ እየዞረ ማሰስ ይጀምራል። መልኩ ቡናማ፣ ምንቃሩ ቢጫ፣ የጅራቱ ጫፍ ለሁለት የተከፈለ ነው። ጫጩት ይዞ ሲነሣ መሬት ላይ የሚተርፍ ነገር የለም፤ ላባም ደምም አይቀርም። ያደገች ዶሮ ግን ለእሱ ትከብደዋለች። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዘመዶቹ ይቀላቀሉታል፤ በጋ ላይ ሰማዩ በጭላት የሚሞላው ለዚህ ነው። ያደገች ዶሮ በጠራራ ፀሐይ ተገድላ፣ ላባዋ በአንድ ቦታ ተነጭቶ ተከምሮ፣ ደረቷ ተበልቶ ከተገኘች ሌላ አዳኝ መጥቷል፤ ከጭልፊት ወገን ጠንከር ያለው ወይም ንስር ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ንጹሕ ተከሳሽ አለ። በስልክ እንጨትና በባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚውል፣ ሆዱ ብዙውን ጊዜ ነጭ፣ ጅራቱ ቀይ የሆነ፣ ክንፉ ሰፊ አዳኝ ወፍ ደጋው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንዳንዴ ጫጩት ይሞክር ይሆናል፤ ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። የገብስና የድንች ማሳ ላለው ገበሬ ይህን ወፍ በድንጋይ ማባረር የራሱን ዘበኛ ማባረር ይሆንበታል።

ሌሊት የሚመጣው አሻራው ሌላ ነው። ሸለምጥማጥ ቀጭን፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ረጅም ጅራቱ በጥቁርና በነጭ የተቀለበተ፣ ግድግዳም ዛፍም የሚወጣ እንስሳ ነው። ጭንቅላቱን ያስገባበት ቀዳዳ ሁሉ ሰውነቱን ያሳልፋል። ከገባ አንዷን ይዞ አይወጣም፤ አንገትና ጭንቅላት እየነከሰ አራት አምስት ይጥላል፣ ከዚያ አንዷን ይበላል ወይም ይወስዳል። ሰው ይህን ሲያይ «ለክፋቱ» ይላል። ነገሩ ግን ከዶሮዋ ዓይን ይጀምራል። ዶሮ በጨለማ አታይም ማለት ይቻላል፤ ቆጥ ላይ እንዳለች ትያዛለች፣ ብትወርድም የምትሸሽበት አይታያትም። አዳኙ ደግሞ የሚንፈራፈር ነገር ፊቱ እስካለ ድረስ መንከሱን አይተውም። ዱር ውስጥ አንዷን ሲይዝ ሌሎቹ በረው ስለሚያመልጡ ይህ አይታይም፤ በር በተዘጋበት ቤት ግን የሚያመልጥ የለም። ዝባድ የሚወጣበት ጥርኝ ከሸለምጥማጥ በጣም ይከብዳል፣ ግድግዳ መውጣትም ሥራው አይደለም፤ የሚመጣው በምድር በኩል፣ በበሩ ሥር ነው። አነርም እንዲሁ። ቀበሮ አንዷን ይዞ ይሄዳል፤ መንገዱን የሚያሳየው እስከ አጥሩ ድረስ የተንጠባጠበው ላባ ነው።

ውሻ ብዙ ገድሎ ምንም ሳይበላ ሲሄድ ይታወቃል። በከተማው ውስጥ፣ በንፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ወይም በአርብ ገበያ፣ ከዱር አውሬ ይልቅ የጎረቤት ውሻና ድመት የሚያደርሱት ጉዳት ይበልጣል ብዬ ለመናገር አልፈራም፤ ግን ማንም ከጎረቤቱ መጣላት ስለማይፈልግ ነገሩ በዱር አውሬ ይሳበባል። አይጥ የምትፈልገው ከሁለት ሳምንት በታች ያለውን ጫጩት ነው፤ ከእናቱ ክንፍ ሥር በእግሩ ስባ ስታወጣው እናቲቱ እንኳ አታውቅም። እንቁላል ተወግቶ ቅርፊቱ እዚያው ከቀረ ቁራ ነው፣ ወይም ራሷ ዶሮዋ መብላት ለምዳለች። ያለ ምንም ቅርፊት እየጎደለ ከሄደ እባብ ወይም አይጥ ይጠረጠራል፤ ወደ ስማዳና ወደ ታች ጋይንት ቆላ ሲወረድ ዝንጀሮም ይጨመራል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ፈንግል ነው። የታመመ ጫጩት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ክንፉን ይጥላል፣ እናቱ ስትጠራው አይደርስም፤ ጭላት የሚያነሣውም እሱን ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ጫጩት «ጭላት ከወሰደ»፣ የቀሩትን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አንገት መጠምዘዝ ካለ ነገሩ የሰማይ አይደለም። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ዓይነትም ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ይጠየቃል። ለበዓል ከገበያ የተገዛ ዶሮ ሕመሙን ይዞ ስለሚገባ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው ባይቀላቀል ይመረጣል። እግሩ በገመድ ታስሮ ደጅ የሚውለው የበዓል ዶሮ ለውሻም ለአሞራም የተዘጋጀ ምሳ መሆኑም አይዘንጋ።

የሌሊቱ ቤት

ገንዘብና ጉልበት ካለ መጀመሪያ መዋል ያለበት በሌሊቱ ላይ ነው። ቀን በአንድ ምት አንድ ጫጩት ይጠፋል፤ ሌሊት በአንድ ቀዳዳ መንጋው ሁሉ ሊያልቅ ይችላል። ደግነቱ የሌሊቱ ችግር ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ነው።

ብዙ ቤት ዶሮ የሚያድረው ከሰው ጋር፣ በግድግዳው ላይ በተሠራ ቆጥ ነው። ከአውሬ አንጻር ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሰውና ውሻ ባሉበት ሸለምጥማጥ ብዙም አይደፍርም። ችግሩ ቅማሉ፣ አቧራውና ሽታው ነው፤ ከሰባትና ከስምንት ዶሮ በላይ ሲሆንም ቦታ አይበቃም። የተለየ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰው ቤት ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ቢሠራው ሁለቱንም ያገኛል።

ለ10 ዶሮ ማደሪያ ብቻ ከሆነ ሁለት ካሬ ሜትር ወለል ይበቃል። ወለሉን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ማቆም ውሻን፣ ጥርኝንና እርጥበትን በአንድ ጊዜ ያርቃል። ቋሚዎቹን ግን አይጥና ሸለምጥማጥ ይወጡባቸዋል፤ እያንዳንዱን ቋሚ በመካከሉ ለ40 ሴንቲ ሜትር ያህል በቆርቆሮ መጠቅለል ጥፍር የሚይዝበት ያሳጣቸዋል። አዲስ ቆርቆሮ መግዛት አያስፈልግም፤ በእርዳታ ዘይት የመጣበት ጣሳ ተቆርጦ ሲዘረጋ ለዚህ ይሆናል። ቤቱ ወደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ወደ አጥር የተጠጋ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ በላይ በኩል ይዘላሉ።

ከፍ ማድረግ ያልቻለ ሰው በድንጋይ ይሥራ። ጋይንት ሌላው ቢጎድል ድንጋይ አይጎድልም። መሠረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ በድንጋይ ሲሞላ፣ ከግድግዳው ውጭም በዙሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲነጠፍ ቆፋሪው አውሬ ይቸገራል። ቀበሮም ሆነ ውሻ መቆፈር የሚጀምረው ልክ በግድግዳው ሥር ነው፤ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ የሚጀምርበት ብልሃት የለውም።

ሽቦ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ገበያ ላይ «የዶሮ ሽቦ» የሚባለው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ የተሠራ ነው፤ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል፣ አይጥ በቀዳዳው ታልፋለች፤ ቆጡ ወደ ሽቦው ከተጠጋ ደግሞ ሸለምጥማጥ እጁን አስገብቶ የዶሮዋን እግር ይስባል። ለመስኮት የሚሆነው ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ነው። ውድ ስለሆነ ትንሽ ይገዛ፤ ለአየር መውጫው ብቻ ይዋል፤ ሌላው ግድግዳ በማገርና በጭቃ ይሁን። ሽቦው በሚስማር ብቻ ከተያዘ ተስቦ ይነቀላልና በላዩ ጣውላ ይደረብበት።

አየር መውጫውን ስናነሣ ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን ማስታወስ ያስፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ ሰው የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። ዶሮ ላባ ስላላት ብርዱን ትችላለች፤ የማትችለው ከኩሷ የሚነሣውን የሚያቃጥል ሽታና ከትንፋሿ የሚወጣውን እርጥበት ነው። መውጫው ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ይሁን፤ ንፋሱ በቀጥታ አይመታትም፣ አውሬም በቀላሉ አይደርስበትም።

በሩ ከሁሉም ደካማው ቦታ ነው። ሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለው ቤቱ ክፍት ነው ማለት ይቻላል። መቀርቀሪያው በገመድ ማሰሪያ ሳይሆን የሚሽከረከር እንጨት ወይም ብረት ይሁን። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የሚዘጋው ሰው ይታወቅ። ዶሮ ራሷ አመሻሽ ላይ ትገባለች፤ አውሬውም የሚነቃው በዚያው ሰዓት ነው። «እሱ ዘግቶታል»፣ «እሷ ዘግታዋለች» ሲባባሉ ክፍት ያደረ በር ከተቀደደ ሽቦ ይልቅ ብዙ ዶሮ አስፈጅቷል።

የቀኑ ጥበቃ

ቀን ዶሮ ጭራ ነው የምትበላው፤ ቀኑን ሙሉ ዘግቶ መቀለብ ለአብዛኛው ሰው አይቻልም። ስለዚህ የቀኑ ጥበቃ በሁለት ነገር ላይ ይቆማል፦ በራሷ በዶሮዋ ንቃትና በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት።

ዶሮ ሁለት ዓይነት የማስጠንቀቂያ ድምፅ አላት። ከሰማይ የሚመጣ ነገር ስታይ ቀጭንና የረዘመ፣ ከየት እንደ ወጣ ለመለየት የሚያስቸግር ጩኸት ታሰማለች፤ ያን ጊዜ ጫጩቶቹ ወደ ጥላ ሮጠው ድርቅ ይላሉ። ውሻ ወይም ድመት ስታይ ግን እየደጋገመች ታስካካለች፤ ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ያያል። ደጅ የዋለ ሰው ድምፁን ለይቶ ቀና ማለት ወይም ወደ አጥሩ መመልከት ይችላል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ፒተር ማርለርና ባልደረቦቹ አውራ ዶሮዎችን ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ለእኛም ይጠቅማል፤ አውራው ከሰማይ ስለሚመጣው አደጋ የሚጮኸው ሴት ዶሮዎች አብረውት ሲሆኑ የበለጠ ነው። ብቻውን ሲሆን ዝም ብሎ ይሸሸጋል። እንግዲህ ለፋሲካ አውራው ሁሉ ተሽጦ ወይም ታርዶ ያለ ተመልካች የሚቀር መንጋ ዋጋ ይከፍላል። አንዱን ማስቀረት ለዘር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው።

በዚህ በኩል የአበሻዋ ዶሮ ከውጭ ዝርያዎች ትበልጣለች። ቀለል ያለች ናት፣ ትበራለች፣ ጫጩቷን ለማዳን ጭላት ላይ ዘላ ትወጣለች። ሳሶ ወይም ቦቫንስ የሚባሉት ዝርያዎች በእንቁላልና በሥጋ ይበልጧታል፤ ግን በማሽን ተፈልፍለው፣ ያለ እናት አድገው፣ ቄብ ሲሆኑ ነው ለገበሬው የሚደርሱት። ያቺን ቀጭን ጩኸት ሰምተው ከእናት ጋር የሮጡበት ቀን የለም። ሰውነታቸውም ከባድ ነው። እነዚህን ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ መልቀቅ ለአውሬ መገበር ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት በታጠረ ቦታ ቆይተው፣ ማደሪያቸውን ለምደው፣ ከዚያ ከአበሻ ዶሮዎች ጋር ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓት ቢለቀቁ ከእነሱ ማየት ይጀምራሉ። ስለ ቀለምም ገበሬው የሚለው ትክክል ይመስለኛል፤ ነጭ ዶሮ ከሩቅ ትታያለች፣ ገብስማና ወሰራ ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላሉ።

ስምንቱ ሳምንታት ወሳኝ ናቸው። በገጠር ከእናት ጋር ከሚለቀቁ ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ በእነዚህ ሳምንታት ማለቃቸው የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት እናቲቱን ከነጫጩቶቿ ዘግቶ ማቆየት ትልቁን ጉዳት ያስቀራል። ለዚህ ትልቅ ቅርጫት መድፋት ሴቶቻችን ድሮም የሚያውቁት ነው፤ ቅርጫቱ ላይ ድንጋይ መጫን እንጂ እንዲሁ መተው አይበቃም፤ ድመት ትገለብጠዋለች። ከቅርጫት የሚሻለው ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ የተሠራ፣ ወለል የሌለው፣ በየቀኑ ወደ አዲስ ሣር የሚዛወር ቀላል ጎጆ ነው። የገብስ ብጣሪ፣ ፍርፋሪና ንጹሕ ውኃ ግን እዚያው መቅረብ አለበት፤ የተዘጋ ጫጩት የሚጭረው የለውም።

ከዚያ በኋላ ጥላ ያስፈልጋል። ጭላት ከላይ ወርዶ ሳያርፍ የሚነሣበት ክፍት ቦታ ነው የሚፈልገው። በግቢው መካከል ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ፣ የተደገፈ ጭራሮ፣ የተረሳ አልጋ እንኳ ቢኖር ጫጩቶቹ የሚገቡበት ያገኛሉ። እህል የሚበተንላቸውም ከዚያ ሥር ይሁን። ከአጥሩ ውጭ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ሣር ግን የድመትና የአነር መሸሸጊያ ስለሆነ ይታጨድ።

የጭላት ገበያ የሚደራው በእኛው እጅ ነው። በዓል ሲሆን የዶሮ አንጀትና ላባ ደጅ ይጣላል፤ ጭላትም ሥጋ ከዚያ ግቢ እንደሚገኝ ይማራል። በማግሥቱ አንጀት ሲያጣ ጫጩቱን ያያል። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ጥቂት ደቂቃ ነው። አውሬ የገደለውም ዶሮ እንዲሁ ነው። በክት ስለሆነ አይበላም፤ ስለማይበላም ከአጥር ኋላ ይወረወራል፤ የተወረወረውን ፍለጋ የመጣ ቀበሮ ማታ ላይ ወደ ሕያዋኑ ይሻገራል።

ማስፈራሪያዎች፣ የሚያብረቀርቅ ሲዲ፣ የሚንኮሻኮሽ ጣሳ፣ ለጥቂት ቀን ይሠራሉ። ቦታቸው ካልተቀያየረ አሞራው ይለምዳቸዋል።

ውሻ ግን ከለመደ ይሠራል። በአውስትራሊያ ዋርናምቡል የምትባል ከተማ አጠገብ ባለች አንዲት ደሴት ላይ ቀበሮ ፔንግዊኖቹን ጨርሷቸው ከ10 በታች ቀርተው ነበር። መፍትሔውን ያመጣው አለን ማርሽ የሚባል የዶሮ ገበሬ ነው፤ ማሬማ የሚባል የእረኛ ውሻ ዶሮዎቹን ከቀበሮ ሲጠብቅለት አይቶ፣ ውሾቹ ወደ ደሴቱ ይሂዱ አለ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሞከረ፣ ፔንግዊኖቹም አንሰራሩ። ዘሩ ሌላ ቢሆንም የእኛም ውሻ ይማራል፤ ቁም ነገሩ ገና ቡችላ ሳለ ከዶሮ ጋር ማደጉ፣ ጫጩት ማሯሯጥ ሲጀምር ወዲያው መገሠጹና ሆዱ መጥገቡ ላይ ነው። የተራበ ውሻ ዘበኛ አይሆንም።

መርዝ

የተናደደ ሰው ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ማስቀመጥ ይመኛል። መርዝ ሌባውን አይመርጥም። የጎረቤት ውሻ፣ የራስ ድመት፣ ሥጋውን ያገኘ ሕፃን፣ የሞተውን ውሻ የበላ አሞራ፣ ሁሉም ይደርሳቸዋል። ከአገራችን ጥንብ አንሣዎች አራት ዝርያዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ የገቡበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው የተመረዘ ሥጋ ነው። እነሱ ደግሞ ዶሮ አይነኩም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደል በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ቢቀር እንኳ ሂሳቡ አያዋጣም፤ አንድ ሸለምጥማጥ ሲገደል ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ቀዳዳው እስካለ ሌላው ይመጣበታል። ሸለምጥማጥም ሆነ አነር ከዶሮ ይልቅ አይጥ ነው ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት። ቀን ለቀን ሰው ሳይፈራ ግቢ የሚገባ፣ የሚንገዳገድ፣ አረፋ የሚደፍቅ ቀበሮ ወይም ውሻ ካለ ግን ነገሩ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አይነካ፤ ለቀበሌና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ

አንዴ የቀናው አውሬ በማግሥቱ ሌሊት፣ ቢዘገይም በሦስተኛው፣ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋት ላይ ላባው ከመጠረጉ በፊት ቀዳዳው ይፈለግ። ጥሩው ዘዴ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ብርሃን የሚገባበትን ሁሉ ማየት ነው። በደጅ በኩል ዙሪያውን አመድ መነስነስ በሚቀጥለው ጠዋት ዱካውን ያሳያል። የድመትና የሸለምጥማጥ ዱካ ትንሽና ክብ ነው፤ የውሻና የቀበሮው ረዘም ብሎ የጥፍር ምልክት አለው። ቀዳዳው በዚያ ቀን ካልተደፈነ ዶሮዎቹ ለአንድ ሁለት ሌሊት ከሰው ጋር ይደሩ።

የቆሰለች ዶሮ ከሌሎቹ ትለይ፤ ደም ያየ ዶሮ ይወጋታል። ቁስሉ ለብ ባለ የጨው ውኃ ታጥቦ በዙሪያው ያለው ላባ ይቆረጥ፤ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘው የቁስል ርጭት ይደረግበት፤ ዝንብ በማይገባበት ጨለም ባለ ቦታ ውኃና ምግብ ቀርቦላት ትተኛ። በሁለት ቀን ውስጥ መብላት ከጀመረች ትተርፋለች። እንቁላል ግን ለሳምንታት ላትጥል ትችላለች፤ ያልተነኩትም እንኳ ከድንጋጤው የተነሣ ያቆማሉ፣ ቆጡ ላይ ለመውጣትም እምቢ ይላሉ። እንዲህ ሲሆን አመሻሽ ላይ ትንሽ እህል ከውስጥ በትኖ፣ እስኪገቡ ቆይቶ፣ በሩን ራስ መዝጋት ነው።